ማዶ ለማዶ ያስቀመጥኳቸው ሁለት እንግዶች

ሹካ ተንጋዶ ካየሁ ማለፍ አልችልም። ሰው ቤት ተጋብዤም ቢሆን እጄ ሳላስበው ሄዶ ያስተካክለዋል። እናቴ «አንቺ ልጅ ሆቴል ነበር መወለድ የነበረብሽ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እኔ ግን ይሄን አመሌን ሙያ ብዬ እኮራበት ነበር። ዛሬ የማወራችሁ ይኸው አመሌ በሦስት ቀን ውስጥ በአንዲት ሴት ላይ ያደረሰውን ነው። አያኮራም፣ ግን እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ስሜ ቤዛ ነው። ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። የእንግዳውን ስም የያዘ ሰሌዳ ይዤ እቆማለሁ፣ ፈገግ እላለሁ፣ ሻንጣ አስይዤ መኪና ድረስ እሸኛለሁ። ሰባት ዓመት እንዲህ ከሠራሁ በኋላ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የፕሮቶኮል ባለሙያ ሊቀጥር ነው ሲባል ሰማሁና አመለከትኩ። «ጥሩ ነሽ፣ ግን የሥልጠና ሰርተፍኬት ያስፈልግሻል» አሉኝ። ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ «የዲፕሎማሲ ፕሮቶኮልና የሰብዓዊ መብት ተሟጋችነት» የሚል የስድስት ሳምንት ሥልጠና አገኘሁና ተመዘገብኩ። እውነቱን ልናገር፣ እኔ የሄድኩት ለፕሮቶኮሉ ነው። ሰብዓዊ መብቱን እንደ ምርቃት ነበር የቆጠርኩት።

ፕሮቶኮሉን ያስተማሩን ጋሼ ታደለ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በስድስት ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን ክራባታቸው ዝንፍ ሲል አላየሁም። «ስም የሌለበት ወንበር የቤት ዕቃ ነው፤ ወንበር የሚሆነው ስም ሲኖረው ነው» ይሉን ነበር። እኔ የሳቸው ወዳጅ ነበርኩ። ፊት ወንበር ተቀምጬ የሚሉትን ሁሉ ቃል በቃል እጽፍ ነበር።

የመብቱን ትምህርት የምትሰጠን ሊዲያ የምትባል ጠበቃ ነበረች። «አንቱታውን ተዉት» ብላን አንቺ ነበር የምንላት። እሷ ደግሞ ሁሌ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ ሰው የነገራችሁን ነገር ለፈቀደላችሁ ጉዳይ፣ ለፈቀደላችሁ ሰው ብቻ ተጠቀሙበት። ፈተና ላይም መጣ። አንዲት ምስክር ስሟን ለምን ጉዳይ እንደሰጠች፣ ማን ሊያየው እንደሚችል እንዴት ታረጋግጣላችሁ የሚል። ሙሉ ማርክ ያገኘሁት በዚህ ጥያቄ ነው። ሊዲያ መልሴን ለክፍሉ ሁሉ ጮክ ብላ አነበበችው።

የሥልጠናው ማጠቃለያ የተግባር ፈተና ነበር። ቦሌ አንድ ሆቴል ውስጥ የምሳ ግብዣ እናዘጋጃለን፤ እንግዶቹ የውሸት ሳይሆኑ የምር ናቸው። ከኤምባሲዎች፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ከአሠሪዎች ማኅበር ሰዎች ይመጣሉ። ከምሳው በኋላ አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ተነስታ ስለ ሥራ ቦታዋ ትናገራለች። ሥራው ሲከፋፈል የእንግዶቹ ዝርዝርና የመቀመጫው ነገር ለኔ ደረሰ። ምስክሯን ማዘጋጀት ደግሞ ለሳሙኤል። ሳሙኤል የገርጂ ልጅ ነው፣ አንድ የጥብቅና ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ዝምተኛ።

ከግብዣው በፊት በነበረው ቅዳሜ ሳሙኤልና እኔ ወደ ጎሮ ሄደን ሴትዮዋን አገኘናት። አያንቱ ልበላት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የመስመር መሪ ናት። ፋብሪካውን አልጠራውም። ከእናቷ ከእማማ ዲንቄ ጋር የምትኖርበት ግቢ ድሮ የእርሻ መሬት ነበር፤ አሁን ዙሪያውን ፎቅ ከቦት ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው አርፍዶ ነው። እናትየው ያን ቀን ዘመድ ሊጠይቁ ሄደው አልነበሩም። አያንቱም ይሄን ቀን የመረጠችው አውቃ ነው።

«እናቴ አታውቅም» አለችን። «ከሰማች አትለቀኝም። ቤቱ የሚኖረው በኔ ደመወዝ ነው።»

«ታዲያ ለምን መናገር ፈለግሽ?» አላት ሳሙኤል።

«በመስመሬ አርባ ሴት አለ። ሽንት ቤት የሚያስኬድ ካርድ ግን አንድ ነው። አለቃው ጠረጴዛ ላይ ይንጠለጠላል፤ አንዷ ይዛው ከሄደች ሌላዋ እስክትመለስ ትጠብቃለች። እርጉዝም ብትሆን ትጠብቃለች። ባለፈው አንዷ እዛው ማሽኗ ላይ…» ብላ አቆመች። «ተውት፣ እዛው እናገረዋለሁ። ደጋግሜ ካወራሁት ያስለቅሰኛል።»

ከዚያ ስሜ አይጻፍም አይጠራም፣ ፋብሪካዬ አይጠራም፣ ፎቶ አልነሳም አለች። እነዚህን ሦስቱን በጣቷ እየቆጠረች ነው የነገረችን። ከኛ በኩል ሊዲያ ቀድማ አስባበት ነበር፤ ከፋብሪካዎች ማንም አልተጋበዘም። እኔ ግን ሙሉ ስሟን፣ እንደ መታወቂያዋ፣ መጠየቅ ነበረብኝ። የሆቴሉ በር ላይ ጥበቃዎቹ ከዝርዝር ጋር ያመሳክራሉ።

ትንሽ አመነታች። «አንቺ ነሽ የምትይዢው?»

«እኔ ነኝ። ለበሩ ጥበቃ ብቻ ነው፣ አታስቢ።»

«እሺ እህቴ» አለችና ፊደሉን እየቆጠረች አስጻፈችኝ።

ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሆቴሉ ደረስኩ። ሃያ ሁለት እንግዳ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ። ማስመሪያ ይዤ በወንበሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ስለካ አስተናጋጆቹ እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ። ይሳቁ፣ እኔ ደስታዬ ሌላ ነበር። የስም ካርዶቹን ወፍራም ነጭ ወረቀት ላይ አሳትሜአቸው ነበር። ስም ከላይ፣ መሥሪያ ቤት ከታች፤ ማዶ የተቀመጠ ሰውም እንዲያነበው በሁለቱም ወገን። የአያንቱ ካርድ ላይ ግን «ተናጋሪ እንግዳ» የሚል ብቻ ነበር ያለው። እስከዚያ ድረስ ምንም አላጠፋሁም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከአሠሪዎች ማኅበሩ ተደወለ። የተጋበዙት ሰው ስላልተመቻቸው በምትካቸው አቶ ፋሲል የሚባሉ የአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ኃላፊ ይመጣሉ አሉኝ። «የየትኛው ፋብሪካ?» ብዬ ጠየቅኩ፣ ካርዱ ላይ ልጽፍ። ነገሩኝ፣ ጻፍኩት። የአያንቱ ፋብሪካ ነበር።

አልታየኝም ብዬ ብምል ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ውሸት ነው። ታይቶኛል። የታየኝ ግን እንደ ወንበር ጉዳይ ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን አይቀመጡም፣ እርስ በርሳቸው ያወሩና ሌላውን እንግዳ ይረሱታል ተብለን ተምረናል። የቀረው ሰው ወንበር ደግሞ ከአያንቱ ጎን ነበር። «ውይ፣ ይሄማ አይሆንም» ብዬ አቶ ፋሲልን አንስቼ ማዶ፣ ከፊት ለፊቷ አደረግኳቸው። እንዲያውም ደንቡን ሳልረሳ በመቅረቴ ራሴን አደነቅኩ። ለሊዲያ መደወል አልመጣልኝም።

አምስት ሰዓት ላይ ጋሼ ታደለ ለፍተሻ መጡ። ሳሙኤል አያንቱን ሊያመጣ ጎሮ ሄዷል። ሊዲያ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ስላላት የምትደርሰው ምሳው ከተጀመረ በኋላ ነው። ጋሼ ታደለ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በጠረጴዛው ዙሪያ ዞሩ። እኔ ከኋላቸው እከተላለሁ። አያንቱ ወንበር ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ቤዛ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ተናጋሪዋ እንግዳ ናት ጋሼ።»

«እሱን አነበብኩት። ስም የላትም? ለአምባሳደሩ ስም ሰጥተሽ ለሠራተኛዋ የማትሰጪው ምን ስለሆነች ነው? ይሄ ነውር ነው።»

እሳቸው ስሜ አይጻፍ ማለቷን አያውቁም ነበር፤ የሳቸው ክፍል አይደለም። በቅንነት፣ ላክብራት ብለው ነው የተናገሩት። እኔ አንድ ቃል ብል በቃ ነበር። «ጋሼ፣ እሷ እንዳይጻፍ ብላለች» ማለት ብቻ። ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን እጃቸው ላይ የማርክ መስጫው ወረቀት ነበር፣ እስክሪብቶአቸውም ወረቀቱ ላይ ቆሟል።

«ይስተካከላል ጋሼ» አልኩ።

ሮጬ የሆቴሉ ቢሮ ገባሁና አሳተምኩት። ሙሉ ስሟን ከነአባቷ፣ ከሥሩ የመስመር መሪ፣ ከሱ ሥር የፋብሪካውን ስም። ሲታተም ቅዳሜ በጣቷ የቆጠረችው ትዝ አለኝ። «ጠረጴዛ ላይ ያለ ካርድ ነው፣ ማን ልብ ይለዋል» አልኩና ተውኩት። ካርዱን ከሦስት ደቂቃ በፊት ሰው ልብ ብሎት ነው እኮ ልቀይረው የሄድኩት።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እንግዶቹ ገቡ። አያንቱ ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ አውርዳ ከሳሙኤል ኋላ ገባች። ወንበሯን ስቤ አስቀመጥኳት። ከፊት ለፊቷ አቶ ፋሲል ገና ስልካቸውን እያዩ ነበር። አያንቱ ስሟን አየች። ከዚያ ቀና ብላ የማዶውን ካርድ አነበበች። እጇን ቀስ አድርጋ ዘርግታ የራሷን ካርድ በግንባሩ ደፋችው።

እኔ በዚያ ሳልፍ ካርድ ወድቆ አየሁ።

አነሳሁት። በሁለት ጣቴ ቀጥ አድርጌ አቆምኩት፣ ከብርጭቆው ጋር አስተካከልኩት። አያንቱ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት መግለጽ አልችልም። ንዴት አይደለም። ሰው ደረጃ ሊወርድ ሲል እግሩ ባዶ አየር ሲረግጥ ፊቱ ላይ የሚመጣው ነገር ነው። ያኔ ነው የገባኝ። ግን አቶ ፋሲል ስልካቸውን አስቀምጠው አንብበውት ነበር።

«አያንቱ?» አሉ ፈገግ ብለው። «የኛ ልጅ ነሽ እንዴ? ስንተኛ መስመር?»

«ሰባተኛ።»

«ጎበዝ። ዛሬ ፈቃድ ወስደሽ ነው?»

ታምሜአለሁ ብላ ነበር የቀረችው። ነጠላዋን ይበልጥ ወደ ፊት ሳበች። እሳቸውም ጥያቄውን አልደገሙትም። ዳቦ ቆረሱና ከጎናቸው ካሉት ሴት ጋር ስለ መንገድ መዘጋጋት ማውራት ጀመሩ። በጣም ጨዋ ሰው ነበሩ።

ምሳው እንዴት እንዳለቀ አላስታውስም። መድረክ መሪው «አሁን ደግሞ አንዲት ሠራተኛ ልምዷን ታካፍለናለች» አለ። ሊዲያ ያን ጊዜ ደርሳ በሩ አጠገብ ቆማለች። አያንቱ ተነሳች፣ የጠረጴዛውን ጫፍ ይዛ።

«እኔ ሥራዬን እወዳለሁ» አለች። «አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ደህና ነን። አመሰግናለሁ።»

ተቀመጠች። እንግዶቹ ግራ ተጋብተው አጨበጨቡ። ሊዲያ ከበሩ ወደ ጠረጴዛው መጣች፣ ካርዱን አየችው፣ ማዶውንም አየችው፤ ፊቷ አመድ መሰለ። አያንቱ ቡናው ሳይመጣ ሳሙኤልን እንኳን ሳትጠብቅ ወጣች።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጋሼ ታደለ እጄን ጨበጡኝ። «እንከን የለውም ልጄ። ለስንት ዓመት እንዲህ ያለ ጠረጴዛ አላየሁም» አሉኝ። አመሰገንኳቸው።

ከዚያ ሊዲያ ሁላችንንም እዚያው ባዶው ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠችን። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ሳሙኤል፣ ምስክሯ ያንተ ነበረች። ስሟን ለማን ሰጠህ?»

«ለማንም አልሰጠሁም።»

«ካርዱ ላይ እንዴት ወጣ ታዲያ?»

ሳሙኤል ወደኔ ዞረ። እንደዚያ ያለ ቀስ ያለ አዟዟር አይቼ አላውቅም። አልከሰሰኝም። እንድናገር ጊዜ እየሰጠኝ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ የጠረጴዛውን ልብስ ማየት ጀመርኩ። ምላሴ ታስሮ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና እችላለሁ። ምላሴ ግን አልታሰረም፤ ያን ሰዓት የማስበው ስለ ሰርተፍኬቱ ነበር።

«እሺ» አለች ሊዲያ ሳሙኤልን እያየች። «ያንተ ውጤት ይቆያል።» እሱ ቦርሳውን አነሳ፣ እኔም የስም ካርዶቹን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ አያንቱ ጋ ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። ወደ ማታ ሳሙኤል ደወለልኝ።

«አባረሯት። ታምሜአለሁ ብለሽ ሆቴል ተገኘሽ፣ ዋሽተሻል ብለው። ሌላ ምንም አላነሱባትም።»

«ሳሚ…»

«እኔን ተይኝ። እሷ ጋ ሂጂ» አለና ዘጋው።

ቅዳሜ ጠዋት ከመገናኛ ታክሲ ይዤ ጎሮ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳቀናብር ነበር። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ማብራሪያ፣ ከዚያ ይቅርታ። ለይቅርታም ቅደም ተከተል አወጣሁለት፤ አመል አይለቅም።

አያንቱ በር ላይ ልብስ እያጠበች ነበር። ስታየኝ አልተነሳችም። ያቀናበርኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኳት። «ሳሙኤል አይደለም። ሰውዬውንም ከፊት ለፊትሽ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አስተማሪዬ ሲጠይቁኝ እምቢ ማለት ፈራሁ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ካርዱን ስታነሺው አይቼሻለሁ።» ልብሱን ጨመቀችና አሰጣችው። «እኔ የምልሽ፣ ደፍቼው አላየሽም? የወደቀ መሰለሽ?»

«የወደቀ መሰለኝ።»

«እኔ ደግሞ አውቀሽ ያደረግሽው መስሎኝ ሁለት ቀን ሙሉ ምን በድያት ይሆን ስል ነበር።»

ይሄ ነው የሰበረኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋቱን ከራሷ ስትፈልግ ነበር። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። አላባበለችኝም፣ ማባበልም አልነበረባትም።

«ምን ላድርግልሽ? ፋብሪካው ሄጄ እናገራለሁ፣ የፈለግሽውን እጽፋለሁ» አልኳት።

«ፋብሪካው አይመልሰኝም። የምታደርጊው አንድ ነገር አለ። እናቴ ከዓርብ ጀምሮ አታናግረኝም። እዚያ ሄደሽ አፍሽን ከፍተሽ ነው ያባረሩሽ ትለኛለች። እኔ አልተናገርኩም። አንድም ነገር ሳልናገር ነው የተባረርኩት። ግቢና ንገሪያት።»

እማማ ዲንቄ ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። አያንቱ በኦሮምኛ አንድ ሁለት ቃል ተናግራ በሩ ላይ ቆመች። እኔ መሬት ላይ በርከክ አልኩ። በሕይወቴ ለስንት ባለሥልጣን እጅ ነስቻለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ አያውቅም።

«እማማ፣ ልጅዎ ምንም አልተናገረችም» አልኳቸው። «ስሜን አትጻፉ ብላን ነበር። እኔ ጻፍኩት። ከፋብሪካዋ የመጣው ሰው አነበበው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሷ አይደለም።»

ምስሩን መልቀም አቆሙ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢረግሙኝም እመርጥ ነበር።

«አንቺስ ልጄ፣ ሥራ አለሽ?» አሉኝ።

«አለኝ እማማ።»

«በዚህ የተነሳ አላስወጡሽም?»

«አላስወጡኝም።»

ደረታቸውን በእጃቸው ነካ አደረጉ። «ተመስገን» አሉ። «ሁለታችሁም ብትወጡ ምን ይበጅ ነበር።»

አሽሙር መስሏችሁ ከሆነ አይደለም። ፊታቸውን አይቻለሁ። የምር እፎይ ብለው ነው። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ፣ አያንቱም ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት ሰርተፍኬት መስጫው ነበር። ለሊዲያና ለጋሼ ታደለ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣ ያደረግኩትን ተናገርኩ። ጀግንነት አይደለም፤ ሁለት ቀን አርፍዷል። ጋሼ ታደለ ወንበር ስበው ተቀመጡና «እኔም አልጠየቅኩሽም» አሉ ቀስ ብለው፤ ክራባታቸውን ሲያላሉ ያን ቀን ብቻ አየሁ። ሊዲያ የሳሙኤልን ሰጠችው፣ የኔን ያዘችው። ትክክል ነበረች። የተወዳደርኩበት ሥራ ለሌላ ሰው ሄደ። ይሄን ቅጣት ብዬ አልቆጥረውም፣ ደመወዜ አንድ ወር እንኳን አልተቋረጠም።

እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ ስብሰባ የምታዘጋጁ፣ ሪፖርት የምትጽፉ፣ የሰው ስም በእጃችሁ የሚያልፍ ሁሉ፣ ምከሪን ብላችሁ እንዳልጠየቃችሁኝ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ልበላችሁ። እኔ ደንቡን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም ያጠፋሁት፤ ሁለቱንም ደንብ አውቅ ነበር። አንደኛውን የሚያየው ማርክ የሚሰጠኝ ሰው ነው፣ ሌላኛውን ደግሞ ስሟን ያመነችኝ ሴት ብቻ። እናንተም እንደዚያ ዓይነት ሰዓት ሲመጣባችሁ «አይሆንም» ማለት ከባድ የሚሆነው አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። እኔ ያን አንድ ትንፋሽ አልቻልኩትም። ይሄን ከመጻፌ በፊት ሄጄ አስፈቅጃታለሁ፤ አያንቱ የሚለውንም ስም የመረጠችው ራሷ ናት፣ ሌላውንም ማንም እንዳያውቃት አድርጌ ለውጫለሁ።

አያንቱ አሁን ሾላ ገበያ ከአክስቷ ጋር በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ስለ ሽንት ቤቱ ካርድ ለሊዲያ ሁሉንም ነግራታለች፣ በራሷ ጊዜ፣ በራሷ መንገድ። እኔ በየሁለት ሳምንቱ እሄዳለሁ። ወዳጆች ሆነናል አልልም። ሰላም ትለኛለች፣ ትመዝንልኛለች፣ እሄዳለሁ።

እማማ ዲንቄ አንዳንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ከሩቅ ሲያዩኝ ይነሳሉ፣ ጉንጬን ይስሙኛል፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ሰው እንዳይሰማ በሚመስል ድምፅ «ሥራሽ ደህና ነው አይደል ልጄ?» ይሉኛል።

«ደህና ነው እማማ» እላለሁ።

«ተመስገን» ይላሉ።